ሐቡባ ዝም ያለች ዕለት

በጎ ፈቃደኛ የሆንኩት ማንም ፈቃዴን ሳይጠይቀኝ ነው። በካርቱም ሰሜናዊ ክፍል፣ ባሕሪ ውስጥ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ጦርነቱ ሲጀመር ወደ ግብፅ ሲሸሽ ቁልፉን ለእኔ ጥሎልኝ ነበር። የጋራዡ ጣሪያ ግማሹ የለም። የቀረው ግማሽ ለአንድ ሰው አያንስም ብዬ እዚያው አድሬ እዚያው እውላለሁ። ሠራዊቱ ሰፈራችንን ከወዲያኛዎቹ አስለቅቆ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ረፋድ ላይ የጭነት መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው መድፍ ይጎትታል። የመድፉ አንዱ ጎማ አልዞር ብሎ፣ አስፋልቱን እንደ ማረሻ እየተለተለ ነው የመጣው። ወዲያኛዎቹ የምላቸው ከወንዙ ማዶ ያለውን የካርቱም ክፍል ይዘው የነበሩትን ተዋጊዎች ነው። በሰፈሩ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚላቸው።

ከመኪናው ከወረዱት ሰዎች ወታደር የሚመስል አላየሁም። አንዱ የሠርግ ከበሮ መቺ ነው፤ አንዱ ዓሣ ጠባሽ። ረዥሙና ባለመነጽሩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆነ ኡስታዝ ይሉታል፤ ካርታ ማንበብ ያውቃል ተብሎ አነጣጣሪ ተደርጓል። ደንበኛ ወታደር የነበሩት አለቃቸው ብቻ ናቸው። በሃምሳ አለቅነት፣ እነሱ እንደሚሉት በሻዊሽነት፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መዋል አልሆንላቸው ብሎ የተመለሱ ሽማግሌ ነበሩ። በዘይት የጠቆረ እጄን አዩና፣ "ያ ሐበሺ፣ ይቺን አሮጊት ታድንልናለህ?" አሉኝ። መድፏን ሐቡባ ነበር የሚሏት፤ በሱዳኖች አነጋገር አያቴ እንደማለት ነው። በዕድሜም ቢሆን ከሻዊሹ በስተቀር ሁላችንንም ትበልጣለች።

ከአንድ የተቃጠለ ጭነት መኪና ላይ ኩሽኔታ ፈትቼ፣ ሞርጄ፣ ገጠምኩላት። ጎማው ዞረ። እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ኖሮ ታሪኩ ባለቀ ነበር። እኔ ግን ሙያዬን ላሳይ ብዬ፣ "በየጊዜው ቅባት ካላገኘ መልሶ ይነክሳል" አልኩ። ሻዊሹ ሰዎቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ቅባትና ሳሙና የሚለይ ሰው አላገኙም መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ "ኸላስ፣ በገዛ ፈቃድህ ዘምተሃል፤ መብሩክ" አሉኝ። ከበሮ መቺው የመኪናውን ቆርቆሮ በመዳፉ ደለቀልኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ብቻዬን መብላት አንገሽግሾኝ ነበር።

በሰው አገር ጦርነት ምን አገባህ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይቺ ከተማ በልጅነቴ ተቀብላ አሳድጋኛለች፤ የሰው አገር ማለት ይከብደኛል። ዋናው ምክንያቴ ግን እጮኛዬ ናት። እሷ የወሎ ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ አርካዊት ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ናት። ቤተሰቡ ሲሸሽ የባለቤቱ አሮጊት እናት፣ ሐጃ፣ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም አሉ። እሷም ሐጃን ጥዬ አልሄድም አለች። በመካከላችን ወንዙ አለ፣ በወንዙ ላይ የተዘጋ ድልድይ አለ። ድልድዩን የሚያስከፍቱ ሰዎች ካሉ ቅባት እየቀባሁላቸው አብሬያቸው ልሁን ብዬ ነው የሄድኩት።

ሐቡባን የሰፈሩ ኳስ ሜዳ ላይ፣ በግቡ ፊት ለፊት ተከልናት። እኔን አጉራሽ አደረጉኝ፤ ጥይቱን ተሸክሞ ከኋላዋ የሚያስገባው ሰው ማለት ነው። ወዲያው ረመዳን ገባ። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው ስለነበር፣ በዚያ ሁሉ ጾመኛ መሃል በቀን የምትጎርሰው ሐቡባ ብቻ ሆነች።

የእኔን ጾም ለጓዶቼ ማስረዳት ከመድፍ ተኩስ ይከብድ ነበር። ውሃ ትጠጣለህ? ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አዎ። ፉል? አዎ። ፉሉ ላይ አይብ? በፍጹም። ሥጋ? በፍጹም። ዓሣስ? ዓሣ ላይ እኛም ገና እንከራከራለን ስላቸው ዓሣ ጠባሹ ፊቱ በራ። ሻዊሹ አሰብ አድርገው፣ "ወላሂ ይሄ ጾም አይደለም፣ ምግብ ማማረጥ ነው" አሉ። የእኔ ጾም ከእነሱ በእጥፍ ሊረዝም ምንም እንደማይቀረው ስነግራቸው ግን ለሁሉም ሰው ቴምር ሲያድሉ ለእኔ ጨምረው ሰጡኝ።

የማታው ተኩስ የተጀመረው በሻይ ሻጯ ምክንያት ነው። በሰፈሩ መብራት ስለሌለ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አይሠራም። የሙአዚኑ ድምፅ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ አይደርስም። ሜዳው ጫፍ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ አንድ ቀን ወደ ሻዊሹ መጥታ፣ "ያ ዓም፣ ቀኑን ሙሉ ስታንባርቁብን ትውሉና ፀሐይ ስትጠልቅ ምነው ዝም? እስቲ አንዴ ለእኛ ብላችሁ ተኩሱ" አለቻቸው። ሻዊሹ በልጅነታቸው የኢፍጣር መድፍ ሲተኮስ ሰምተው ጾም ያፈጥሩ ነበርና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጥይት ማባከን ግን አይሆንላቸውም። ስለዚህ ባሩዱን ብቻ እናስገባና በእርጥብ ጆንያ እንወትፈዋለን። ሐቡባ ማንንም ሳትጎዳ ሰማይ ምድሩን ታናውጠዋለች። ግማሽ የተቃጠለ ጆንያ ግቡ ውስጥ ሲገባ ከበሮ መቺው ጎል ብሎ ይሮጣል።

ደግሞ በዚያች ሰዓት ከሐቡባ በቀር የሚጮህ ነገር አልነበረም። ወዲያኛዎቹም ጾመኞች ስለነበሩ ጦርነቱ በሙሉ ተቀምጦ ይበላል። በሁለቱም ወገን ያለው ሰው ቴምር እያላመጠ ጸጥ ሲል፣ ድምጿ ከወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። ይህን የነገረችኝ እጮኛዬ ናት። አልፎ አልፎ ሸበካ፣ ማለት ኔትወርክ፣ ያለው ሱቅ ድረስ ተደብቃ ሄዳ ትደውልልኛለች።

"የእናንተ መድፍ እኮ ሙአዚናችን ሆነች" አለችኝ አንድ ቀን። "ሐጃ እሷን ካልሰሙ ውሃ አይቀምሱም። እኔም እንደዛው። አቅጣጫውን ሳየው አንተ ነህ መሰለኝ።"

"እኔ ነኝ" አልኳት። ጉራዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። "በገዛ እጄ ነው የማጎርሳት።"

"ታዲያ እኔን መቼ ታጎርሰኛለህ?"

"ኢንሻአላህ ድልድዩ ሲከፈት። ስሚ፣ አንድ ማታ ፀሐይ ጠልቃ መድፏ ዝም ካለች ደህና ነገር የለም ማለት ነው። ያኔ ሐጃን ይዘሽ ሶባ፣ የአክስትሽ ልጅ ጋ ሂጂ። ጠዋቱን አትጠብቂ።"

"ሐጃን ይዘሽ አልከኝ? ሐጃ እኮ ቁም ሣጥን ናቸው፤ አይነሱም" ብላ ሳቀች፤ ሸበካውም ተቋረጠ። ምክሬን ቁም ነገር ብላ ትያዘው ወይም በሳቋ ትርሳው አላወቅሁም። እኔም ቢሆን ያልኩት እንዲሁ ለወሬ ያህል ነበር።

ረመዳን ሊያልቅ ሲቃረብ ትእዛዝ መጣ። ሠራዊቱ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወንዙን ሊሻገር ነው። እንደ ልማዱ ስልኮቻችን ተሰብስበው በሻዊሹ ከረጢት ገቡ። ኡስታዝ ካርታውን ጥይት ሣጥኑ ላይ ዘርግቶ የእኛን ድርሻ አሳየን። አርካዊት ውስጥ አንድ መታጠፊያ ላይ ወዲያኛዎቹ ከባድ መሣሪያ ተክለዋል፤ መሻገሪያውን የሚመታው እሱ ስለሆነ ሐቡባ ጎህ ላይ እሱን ዝም ማሰኘት አለባት። ጣቱ ያረፈበትን ቦታ አየሁት። ጥግ ላይ ዳቦ ቤት አለ፤ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ የውሃ ታንከር ያለው ግቢ አለ። ያን በር ከቤቴ በር ይልቅ አውቀዋለሁ። ከጦርነቱ በፊት በየዓርቡ እጮኛዬን የምጠብቀው እዚያ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሻዊሹን ወደ ግቡ ቋሚ ወስጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ እሷም፣ ስለ ሐጃም፣ ስለ ዝምታው ምልክትም። ዛሬ ማታ ሐቡባ እንዳትተኩስ ለመንኳቸው። እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

"ከእኔ ጀርባ ከመድፌ ጋር ቃል ተገባብተሃል?" አሉኝ።

"አዎ ያ ዓም።"

"መድፌን ፖስተኛ አደረግሃት።"

"አዎ።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፂማቸውን ማሻሸት ያዙ። ኡስታዝ ከኋላችን ሰምቶ ኖሮ ቀረብ ብሎ፣ "ዝምታ ምስጢር አያወጣም፤ ያልጮኸ መድፍ ለወዲያኛዎቹ ምን ይነግራቸዋል? ባሩዱም ለነገ ይተርፈናል" አላቸው። ሻዊሹ በዚህ አልተጨነቁም። ወደ ሜዳው ጫፍ፣ ወደ ሻይ ሻጯ እያዩ፣ "ለሴቶቹስ ምን እላቸዋለሁ?" አሉ። ይህ ሰው ከቦምብ የማይሸሽ ሰው ነው። ቆይተው ግን ትከሻዬን ያዙኝና፣ "ተበላሸች እላለሁ፤ ያበላሸሃት ደግሞ አንተ ነህ" አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰፈሩ እንደ ወትሮው ጆሮውን አቆመ። ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ጆጉ ተሞልቷል፣ ቴምሩ በየመዳፉ ነው። ፀሐይ ገባች። ሐቡባ ዝም። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ፤ ከዚያ ሴቶቹ ጆግ ጆጋቸውን እንደያዙ መጡ፤ ወዲያው ሜዳው ገበያ መሰለ። ሻዊሹ አፈሩና ከመድፏ ሥር አቀርቅሬ የተጋደምኩትን እኔን አመለከቱ። "ሐበሺው ሊጠግን ብሎ ሰበራት" አሉ።

ሻይ ሻጯ እኔ ጋ ጎንበስ አለች። "ሆን ብለህ ነው። አንተ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስትበላ ውለህ ለእኛ ምን ተዳህ?" ያን ቀን እንኳ ከፍርሃት የተነሣ አንድ ጉርሻ አላለፈልኝም ነበር፤ ማን ይመነኛል። አንዷ የኢትዮጵያ ጾም መድፍ መንካት ይከለክል እንደሆነ ኡስታዝን ጠየቀችው። እሱ ደግሞ አስተማሪ አይደል፣ ማብራራት ጀመረ።

ጥሙ ሲበረታ ሻዊሹ ትልቁን መፍቻዬን ከእጄ ነጥቀው አንድ ባዶ ቀለህ አነሡና ደወል አድርገው መቱት። ካን፣ ካን አለ። ድምፁ ለሰፈሩ ይበቃል፤ ወንዙን ግን አይሻገርም። ከበሮ መቺው ይህን አላስቻለውም። መፍቻውን ተቀብሎ በቀለሁ የሠርግ ምት ይመታው ጀመር። ሰዉ ቢስሚላህ እያለ፣ ቴምሩን እየዋጠ፣ ትከሻውን እየነቀነቀ አፈጠረ። ሻይ ሻጯ ራሷ ሳቀች፤ ለእኔም ሻይ ይዛልኝ መጥታ፣ "ጠጣ፣ ሰባሪ" አለችኝ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲስቅ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ አላየሁም። እኔም በሳቁ መሃል ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ ነበር። ሰምታ ይሆን? ማለቴ፣ አለመስማቷን ልብ ብላ ይሆን?

ጎህ ሲቀድ ጥይቱን ተሸከምኩ። ዓሣ ጠባሹ ልቀበልህ ብሎ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢያጎርሳት የምትወድቅበትን አይቀይረውም፤ እንዲያውም እኔ ከሆንኩ ቢያንስ የሚጸልይላት አለ ብዬ እንቢ አልኩ። "ውጪ ከቤት፣ በሥላሴ ውጪ፣ ከጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ውጡ" እያልኩ አጎረስኳት። ኡስታዝ እጁን አወረደ። ሐቡባ ከጆንያው ቀናት ሁሉ በላይ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ስንት እንዳጎረስን አላውቅም፤ ጆሮዬም ልቤም ደንዝዞ ነበር።

ድልድዩ ለሰው ሲከፈት ሻዊሹ ሂድ ሳይሉኝ አልቀሩም፤ እኔ ግን አልጠበቅኋቸውም። አርካዊት ስደርስ መታጠፊያው ላይ ያ ከባድ መሣሪያ ጎኑ ተፈልቅቆ ተኝቷል። ዳቦ ቤቱ አለ። የውሃ ታንከሩ የለም። የግቢው አጥር በአንድ ወገን ከሥሩ ተነሥቷል፣ ማድ ቤቱ የነበረበት ቦታ የሸክላ ክምር ነው። ዙሪያውን ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ ላይ ከውጭ በኩል ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎትቼ አየሁት፤ በደንብ ተቆልፏል። ግመል በሚያስገባ የአጥር ቀዳዳ አጠገብ የተቆለፈ በር። ከውጭ የሚቆልፍ ደግሞ የወጣ ሰው ነው። አስፋልቱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። አላፊዎቹ ከተማዋ ካሳበደቻቸው ሰዎች አንዱ መሰልኳቸው።

ሶባ የገባሁት ባገኘሁት መኪና ሁሉ ላይ እየተንጠላጠልኩ ነው። የአክስቷ ልጅ ቤት ደጃፍ ላይ እጮኛዬ ልብስ ታሰጣ ነበር። ስታየኝ የያዘችውን እርጥብ ሻሽ ፊቴ ላይ ወረወረችው፤ ከዚያ መጥታ ሻሹንም እኔንም አቀፈችን። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ታምራለች። "ዝም ስትል እኮ አወቅሁ" ነበር ያለችኝ መጀመሪያ። "አንተ ነህ ዝም ያልከው አልኩ።"

ሐጃ ጥላው ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ሰላም ሳልላቸው፣ "ና ወዲህ ያ ወለዲ፣ ጾሜን ያበላሸኸው አንተ ነህ" አሉኝ። ከዚያ ሁለቱ እየተቀባበሉ ነገሩኝ። ያን ማታ እጮኛዬ መድፏ ዝም ስትል እንነሣ አለች። ሐጃ ደግሞ መድፏ ካልጮኸች ፀሐይ አልጠለቀችም፣ ጾመኛ ሆኜ መንገድ አልጀምርም አሉ። "ጨለመ እኮ ሐጃ" ብትላቸው "ደመና ነው" አሉ። በመጨረሻ እንግዲያው ፀሐይዋን መንገድ ላይ እንጠብቃታለን ብላ አነሣቻቸው። በመንገዱ ሁለት የጎረቤት በር አንኳኩታ እነዚያንም አስከትላለች። ሐጃ ቴምሯን ጨብጠው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ሶባ ደረሱ። ሰዉ ሁሉ ቢለምናቸው ያለ መድፍ አላፈጥርም አሉ። ሌላው ሰው ሱሁሩን፣ ከንጋት በፊት የሚበላውን፣ በልቶ ጾሙን ሲይዝ፣ ከሩቅ የሐቡባ ድምፅ መጣ። ሐጃም ቢስሚላህ ብለው ቴምራቸውን ጎረሱ።

"አገር ጾም ሲጀምር እኔ አፈጠርኩ" አሉ። "የዚያን ቀን ጾሜ ከንቱ ቀረ እያልኩ ስማረር ሰነበትኩ። ያቺ የመጀመሪያዋ የአንተ ነበረች? ድምጿን አውቀዋለሁ።"

"የእኔ ነበረች ሐጃ።"

"የት ወደቀች?"

መዋሸት አማረኝ፤ ግን የመጀመሪያዋ ከመሣሪያው አልፋ እንደወደቀች ኡስታዝ ነግሮኝ ነበርና አላስቻለኝም። "ማድ ቤቱ ላይ" አልኩ።

እጮኛዬ እጇን ከእጄ አወጣች። "ሐጃን ሱሁር አብልቼ ዕቃ የማጥበው እኮ እዚያ ነው፤ በዚያች ሰዓት" አለች በቀስታ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ውጪ ከቤት እያልኩ ስጸልይ የትኛዋ ክፍል ውስጥ፣ ምን ይዛ እንደምትቆም አላሰብኩም። አሁን ግን ሳህኑን ይዛ ታየችኝ።

ሐጃ እሷን ተመለከቱ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው ፊታቸውን አበሱበትና፣ "እንግዲያው አላህ ጾሜን ተቀብሎኛል" አሉ።

እጮኛዬ ሳቀች። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት የወጣው ለቅሶ ነው። እሷም ያቺኑ እርጥብ ሻሽ አንሥታ ፊቴን ጠረገችልኝ፤ ከዚያ እራት ልሥራ ብላ ተነሣች።